ያልተበሳው ሰሌዳ

ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋ የወርክሾፑ በር ላይ ስትቆም፣ ታላቅ ወንድሟ ገና ፊቷን ሳያይ ብርድ ልብሱን አየና ሥራው ማለፉን አወቀ። ያወቀ መሰለው እንጂ። በእጁ የነበረውን ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ፤ መዳፉን በሱሪው ጠረገና ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞሮ፣ «ጉም፣ ና ውጣ። ይዛው መጥታለች» አለ።

እሷ ታክሲ ውስጥ ሦስት ዓይነት አጀማመር ስታወጣ ስታወርድ ነበር የመጣችው። ሦስቱም «ጋሼ፣ አትቆጣ» በሚል ይጀምሩ ነበር። ሰውየው እንዲህ ፊቱ በርቶ ሲቀበላት ግን ሦስቱም ከአፏ ጠፉ።

ደስ ማለቱ ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም። እሷ የምትሠራው የድሮ ፒንቦል ማሽኖች በሚታደሱበት ቤት ነው፤ እነዚያ በመስታወት ስር የብረት ኳስ የሚንከባለልባቸው፣ ተጫዋቹ ግራና ቀኝ ቁልፍ እየተጫነ ኳሱን ወደ ላይ የሚመልስባቸው ማሽኖች። በማሽኑ ውስጥ ኳሱ እንደሚንከባለልበት ባለ ሥዕል ሰሌዳ ቶሎ የሚያረጅ የለም። ኳሱ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲፈጨው ሥዕሉ ይላጥና ከስሩ ያለው ኮምፐርሳቶ ያገጥጣል። ያን ጊዜ ልኩ ተወስዶ፣ ሥዕሉ ተገልብጦ፣ አዲስ ሰሌዳ ይሠራለታል። ይህን የሚሠሩት እንደ ወንድሟ ያሉ ትንንሽ ወርክሾፖች ናቸው፤ የሚልኩትን ናሙና መመርመር ደግሞ የእሷ ሥራ ነው። ናሙናው ካለፈ ጀርባው ላይ ትፈርምበትና ለሠሪው ይመለሳል፤ ሠሪው ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ቀሪዎቹን በእሱ ልክ ይሠራል። ከወደቀ መሀል ለመሀል በመሰርሰሪያ ይበሳና እዚያው ይቀራል፤ ማንም በጎን ወስዶ «ያለፈ ነው» ብሎ እንዳይሸጠው። ወድቆ፣ ሳይበሳ፣ ወደ ሠሪው የተመለሰ ሰሌዳ እስከዚያ ቀን አልነበረም።

እሷ ያቀፈችው እንደዚያ ያለ ነበር። አልተበሳም፤ አልተፈረመበትምም።

ጉም ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አለ። ቫርኒሽ የሚረጨው ሽማግሌ ነው። ስሙ የወጣለት ቀኑን ሙሉ በጭጋግ ውስጥ ቆሞ ስለሚውል ነው፤ እውነተኛ ስሙን ከደመወዝ ወረቀቱ በቀር የሚጠራው የለም።

«አላልኩህም አለቃ?» አለ። «የዚች ልጅ ጥፍር ጨካኝ ነው፤ ግን ዘመድ ያውቃል።»

«ዝም በል፣ እንዳታስቀይማት» አለ ወንድሟ እየሳቀ። «በጥፍሯ እኮ ነው የምንኖረው።»

«እኔማ እየመረቅኳት ነው። ጥፍሯን ያለምልምላት።»

እሷም ፈገግ አለች። ሳታስበው፣ እንደ ልማዷ፣ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ስለሚመስላት። ያቺን ፈገግታ ኋላ ላይ ብዙ ቀን አስታወሰቻት።

ወንድሟ መዶሻና ሚስማር ይዞ ግድግዳው ዘንድ ደርሷል። እዚያ የአምናው ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ ሁለት ክብ የመብራት መስኮቶች ያሉት፣ ከጀርባው የእሷ ፊርማ ያረፈበት። «ከዚህ ጎን ይሁን» አለ። «እስቲ ራቅ ብለሽ እዪልኝ። ከፍ ይበል፣ ዝቅ ይበል?»

«ጋሼ፣ ቆይ እስቲ።»

«ምን ቆይ አለው? ሳምንት ሙሉ ቆይቼ የለ እንዴ።» ሚስማሩን ሁለት ጊዜ መትቶ አቆመው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከእቅፏ ተቀብሎ ፈታና ሰሌዳውን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው። «ፊርማሽስ? በይ፣ ከመጣደፍሽ የተነሳ ሳትፈርሚ ነው ያመጣሽው። ጉም፣ እስክሪብቶ።»

ጉም ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደ። «ይሄ አይሆንም?»

«በእርሳስ ይፈረማል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ።» ከመሳቢያው እስክሪብቶ ፈልጎ አወጣና ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ ዘረጋላት።

እሷ እጇን አልዘረጋችም። እስክሪብቶው በሁለቱ መካከል ቆየ።

«አላለፈም፣ ጋሼ» አለች።

ጉም አንዴ እሷን፣ አንዴ አለቃውን አየ። «ሻይ ላምጣ» አለና ጭምብሉን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ወጣ።

የሆነው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ዕለት አምስት ሰሌዳዎች በአንድ ላይ ቀረቡላት፤ የሠሪዎቹ ስም በወረቀት ተሸፍኖ፣ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ተሰጥቷቸው። መርማሪ ሰውን ሳይሆን ሥራውን እንዲያይ ተብሎ የተበጀ ደንብ ነው። ሦስተኛውን ስታነሳው ግን መዳፏ አወቀው። የሌሎቹ የታች ጠርዝ መጋዝ እንደቆረጠው ነው፤ ይቧጥጣል። የዚህኛው በብርጭቆ ወረቀት ተለሳልሷል። ማሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም የማያየውን ጠርዝ ቁጭ ብሎ የሚያለሰልስ፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። ልጅ ሳለች አጠገቡ ተቀምጣ ለምን እንደሚደክም ስትጠይቀው፣ «የሚያነሳው ሰው እጅ አለው እኮ» ይላት ነበር። በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረባት ቀላል ነገር ነው፤ ይሄ የወንድሜ ነው፣ ሌላ ሰው ይየው ማለት። አላለችም።

መብራቱን አጋድማ በሰሌዳው ላይ አንሸራተተችው። ከአምስቱ እንደ እሱ ያማረ አልነበረም። ሥዕሉ ጥርት ባለ ውሃ ስር የተኛ ይመስላል፤ አቧራ አልያዘ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ አልጎረበጠ፣ መብራቱ ከዳር እስከ ዳር ሳይሰበር ሄደ። ልቧ ሞቅ አለ። ነገር ግን ማማር ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ያስተማራትም ይኸው ወንድሟ ነው። ወፍራም ቫርኒሽ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ያምራል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ልጅነቷን ሸተታት፤ ወንድሟ ከሥራ ሲገባ ሸሚዙ የሚሸተውን፣ ገና ያልደረቀ የቫርኒሽ ማጠንከሪያ። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ በሽፋን በሚደበቀው ዳር በኩል ጥፍሯን ተክላ እስከ አስር ቆጠረች። ስታነሳው እንደ ጨረቃ የጎበጠች ምልክት ቀረች። ከዚያ አንዱ ቀዳዳ ላይ ምሰሶ አሰረች፤ ኳሱ እየነጠረ የሚመለስባቸው ትንንሽ ምሰሶዎች አሉ። ብሎኑን በሁለት ጣቷ ብቻ አጥብቃ እስከ ማግስቱ ተወችው። ስትፈታው ቫርኒሹ በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ነበር።

መሰርሰሪያውን አንስታ ጫፉን የሰሌዳው መሀል ላይ አሳረፈችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። ለሥራ ባልደረቦቿ ፎቶ ላስነሳው ነው ብላ ዋሸች፤ ብርድ ልብስ ፈልጋ ጠቀለለችውና ወጣች።

«የቱ ጋ ነው?» አለ ወንድሟ።

አሳየችው። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፤ ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። በአውራ ጣቱ የተሸበሸበውን ዳሰሰው፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። ውጭ ዝናቡ ያባራ መስሎ መልሶ ጀምሯል። መስኮቱ ስር ባለው መደርደሪያ ላይ አንድም የሚደርቅ ሥራ የለም፤ ከዚህ ሰሌዳ ሌላ ወርክሾፑ ውስጥ ያለው ሥራ የአንድ ወንበር ሁለት እግር ብቻ ነው። ናሙናው ቢያልፍ የሚከተለው ትዕዛዝ አርባ ሰሌዳ ነበር። በእሱ ወርክሾፑ ይኖራል፤ ያለ እሱ ይዘጋል። ይህን ሁለቱም ስለሚያውቁት አንዳቸውም አልተናገሩትም።

«አጥብቀሽው ነው» አለ።

«በሁለት ጣት ነው ያጠበቅኩት።»

«ሁለት ጣትሽ የሰው አራት ነው።»

«ጋሼ።»

«እሺ፣ እሺ።» መነጽሩን አወለቀ። «ትንሽ ለስልሷል። ምን ላድርግ? ቀኑን የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሦስት ሳምንት ብላችሁ ጻፋችሁ። ማድረቂያ ክፍል ላለው ሰው ሦስት ሳምንት ይበቃዋል፤ ተርፎትም ይተኛበታል። እኔ ያለኝ መስኮት ነው። መስኮቱ ደግሞ እንደምታዪው ያፈሳል።»

«ታዲያ ስስ አድርገህ ብትቀባው ይደርቅ ነበር።»

«ስስ ቢሆን ያንን ሁሉ ብርሃን ታዪበት ነበር? ከአምስቱ አላማረም በይኝ እስቲ።»

«ከሁሉም ያምራል» አለች። ውሸት አልነበረም፤ ስለዚህም ነው ሲናገሩት ያመመው።

«ያው ነዋ።»

«ለስላሳ መሆኑን ስትልከው ታውቅ ነበር?»

ወንድሟ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስትጠይቀው በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው፤ ድምጿም ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበር የወጣው። እሱ ግን ሰማት።

«ሠሪ የሠራውን አያውቅም እንዴ?» አለ። «አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ላክኸው?»

ወንድሟ ዓይኑን አንስቶ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰማያዊ ሰሌዳ ተመለከተ፤ ረጋ ብሎ ተናገረ፤ «ያንን ስታሳልፊውስ፣ አንቺ አታውቂም ነበር?»

እሷም ቀና ብላ ሰማያዊውን አየችው።

ታውቅ ነበር። አምና በሁለቱ የመብራት መስኮቶች ዙሪያ፣ መብራቱ ሲጋደም ብቻ የሚታይ፣ ቀጭን የደበዘዘ ቀለበት አይታ ነበር። ቫርኒሹ ከስር አልያዘም ማለት ነው። አቧራ ነው አለች ለራሷ። መብራቱን ቀና አደረገችው፤ ቀለበቱ ጠፋ፤ ፈረመች። በዚያ ፊርማ ሃያ ሰሌዳ ተሠራ። ዘንድሮ ከሃያዎቹ አስራ አንዱ በመስኮቶቹ ዙሪያ እየተላጡ ተመልሰው መጥተዋል፤ የማደሻ ቤቱ ባለቤት ሴትዮም ቀድሞ የቆዩበትን መጋዘን እርጥበት ትወቅሳለች። እሷ ይህን ለወንድሟ ነግራው አታውቅም። ለማንም ነግራ አታውቅም። ወንድሟ ቀለበቱን አላየውም፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብላ ነበር ዓመቱን ሙሉ የተሸከመችው።

«አይተኸው ነበር» አለች።

«ሳልልከው በፊት አይቼዋለሁ። ሲመለስልኝ ገልብጬ ፊርማሽን አየሁ። ‹እህቴ ደግ ናት› አልኩ።» ስድብ አልነበረም፤ ስድብ ቢሆን ይቀል ነበር። «ዘንድሮ ደግሞ እጅሽ እንዳይስተው ብዬ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አለሰለስኩት።»

«ጠርዙን ሁልጊዜ ታለሰልሰዋለህ።»

«ሁልጊዜ አለሰልሰዋለሁ። ዘንድሮ ግን ላንቺ ነበር።»

እሷ ሰሌዳውን አየች። ማክሰኞ ዕለት መዳፏ ላይ ያረፈው ያ ልስላሴ፣ ከእናታቸው ቤት ከበሩ እጀታ የበለጠ የምታውቀው ነገር፣ አሁን ጠረጴዛው ላይ እንደ ማንኛውም እንጨት ተጋድሟል። መንካት አላሰኛትም።

አባታቸው በሞተበት ዓመት ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበር። ትቶት መጥቶ ቫርኒሽ ቤት ተቀጠረ፤ እሷ እስክትመረቅ ድረስም ያ ሸሚዝ ሽታውን ሳይለቅ ኖረ። ይህን አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም። አሁንም አላነሳውም። ምናለ ባነሳው ብላ ተመኘች።

«ስሚኝ» አለ ቀረብ ብሎ። «ለስላሳው ናሙናው ነው እንጂ ሥራው አይደለም። አርባዎቹን በደንብ አድርቄ ነው የማስረክበው። ለዚህኛው ፈርሚ፤ እሱ የትም አይሄድ፣ እዚሁ ግድግዳዬ ላይ ነው የሚቀመጠው። ማን ይጎዳል?»

አስባበት አታውቅም ማለት አይቻልም። ታክሲ ውስጥ አስባዋለች፤ በትክክል ይህንኑ፣ በእሱ ድምፅ። «አርባዎቹን በስንት ሳምንት ነው የምታስረክበው?» አለች።

«በአምስት።»

«ለመድረቅ ስንት ይፈልጋሉ? በመስኮት።»

ወንድሟ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ቀድሞውንም የጠራ መነጽር ነው። «በዝናብ ወራት ስምንት» አለ በመጨረሻ። እንዲህ ሲጠየቅ የማይዋሽ ሰው ነው፤ ይህም አንጀቷን በላው።

«አልፈርምም፣ ጋሼ።»

«ገባኝ።»

«ሌላ ናሙና አዘጋጅተህ ብትልክ…»

«አርባውን የሚሠራው ሰው ሰኞ ይመረጣል፤ እኔም አንቺም እናውቀዋለን።» እስክሪብቶውን ከድኖ መሳቢያው ውስጥ መለሰ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ካልፈረምሽ ለምን ሳትበሺው አመጣሽው?»

«እንዲያው… በስልክ እንዳትሰማው ብዬ።»

«አዘንሽልኝ።»

እሷ የብርድ ልብሱን ጫፍ አጠፈች።

«እዚያው በስተሽው በስልክ ብትነግሪኝ እሰድብሽ ነበር፣ ያልፍልኝ ነበር። ማታ እማዬ ጋ መጥቼም እራት እበላ ነበር። አሁን ግን በር ላይ ቆመሽ አይቼሽ ሚስማር መታሁ።» ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ሽማግሌው ፊት ሚስማር መታሁ።»

እሷ የምትለውን ስታጣ ይቅርታ ትላለች፤ ከልጅነቷ የያዛት ነው። «ይቅርታ» አለች።

መሰርሰሪያውን ከመንጠቆው አወረደ። እኔ ልብሳው ልትል እጇን ስታነሳ፣ ሳያያት ጀርባውን ሰጣት። ማስመሪያ አምጥቶ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር በስሱ አሰመረና መሀሉን አገኘ። እንጨቱ ከስር እንዳይሰነጠር ቁራጭ ኮምፐርሳቶ አነጠፈለት፤ ሰሌዳውን በመያዣ ጠረጴዛው ላይ አሰረው፤ እንዳይጭረው ደግሞ ከመያዣው ጥርስ ስር ጨርቅ አደረገ። ሊያጠፋው ላለው ነገር እንዲህ መጠንቀቁን ቆማ አየች። መሰርሰሪያው ጮኸ። ነጭ የእንጨት ፍቅፋቂ በሥዕሉ ላይ ተከመረ፤ ቫርኒሹ ግን እንደ ደረቀ ቫርኒሽ በኖ አልወጣም፤ በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ እንደ ሙጫ ተጠምጥሞ ቀረ። ወንድሟ ፍቅፋቂውን በትንፋሹ አጠራውና የተጠመጠመውን በጣቱ ለቅሞ አወጣ። ለአፍታ አየው።

«እውነትም አልደረቀም» አለ፤ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ።

ጉም በዚህ መሀል ሦስት ብርጭቆ ሻይ በአንድ ትሪ ይዞ ተመለሰ። ቀዳዳውን አየ። ትሪውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠፍቶት ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ የወንበሩን ሁለት እግሮች ወደ ጎን ገፋ አድርጎ አሳረፈው።

«ስኳሩን አላማሰልኩትም» አለ።

ሽማግሌው ብርጭቆውን አንስቶ አንድ ጊዜ ፉት አለና፣ «ያ ዘመድ ያውቃል ያልኩት ጨዋታ ነው፣ ልጄ። እንዳትቀየሚኝ» አላት።

«አልተቀየምኩም፣ አባባ።»

ወንድሟ የተበሳውን ሰሌዳ በራሷ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሰጣት። ጥቅሉ የእሷን ያህል የተዝረከረከ አልነበረም፤ ጥግ ጥጉን አጥፎታል። ከዚያ ወደ ሰማያዊው ሰሌዳ ሄዶ ከግድግዳው አወረደው፤ ገልብጦ ፊርማዋን ለእሷ አዞረው።

«ይሄንንስ ማን ይብሳው?»

«እኔ ሰኞ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ብትነግሪያቸው ከእንግዲህ ለዚያ ቤት ሠርቼ አላድርም። አንቺም መብራት አትይዢም።»

«አውቃለሁ።»

«ዝም ብትዪስ? እርጥበት ነው ብለዋል። አንድ ዓመት ዝም ብለሽ የለ።»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

ሰሌዳውን መልሶ ሰቀለው፤ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ወደ ሰው አድርጎ። «ተመርቀሽ አይደል» አለ። ይህን ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ የወንበሩን እግር አንስቶ ብርጭቆ ወረቀቱን ፈለገ።

ሰኞ ጠዋት ለማደሻ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ የዘንድሮውንም የአምናውንም ነገረቻት። ሴትዮዋ ሳታቋርጣት እስከ መጨረሻ ሰማቻትና መብራቱን ለሌላ ሰው እንድታስረክብ አዘዘቻት። በዚያው ሳምንት እሷ ከየማሽኑ የተፈቱ ብሎኖች ወደሚታጠቡበት ክፍል ተዛወረች፤ የአርባ ሰሌዳውም ትዕዛዝ ማድረቂያ ክፍል ላለው ሠሪ ተሰጠ። ወንድሟ በወሩ መጨረሻ ወርክሾፑን ለቅቆ የበርና የመስኮት ፋብሪካ ውስጥ ቀቢ ሆኖ ተቀጠረ። እናታቸውን ሊጠይቅ የሚመጣው ረቡዕ ከሰዓት፣ እሷ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ነው።